ሲን ብቻ ወይስ ሁሉንም?

ጥያቄ፦

ዊንጌት አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት ኤችፒ ዴስክቶፕ ነው። ኮር አይ ፋይቭ፣ አራተኛ ጀነሬሽን ሲሆን ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ሆኖ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሏል። የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት እስኪነሳ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዎርድ ላይ ሁለት ፋይል ከከፈትኩ ደግሞ ስታክ ያደርጋል። ሲ ሞልቶ ቀይ ሆኗል፣ ዲ ገና ግማሹ ባዶ ነው።

ባለሙያ ጠራሁ። ዊንዶውስ 11 እንደሚጭንልኝ፣ ለዚያም ዲስኩ ወደ ጂፒቲ መቀየር ስላለበት ፓርቲሽኖቹ በሙሉ እንደሚጠፉ ነገረኝ። ፖሊ ቴክኒክ የሚማረው የእህቴ ልጅ ደግሞ «አክስቴ፣ ሲን ብቻ ፎርማት እናድርገው፤ ዲን ካልነካነው ምንም አይሆንም» ይላል። ዲ ላይ የስንት ዓመት የደንበኛ ሥራ አለብኝ፤ የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የጳውሎስና የቴክኒክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። ዴስክቶፑም ላይ ቦታ እስኪጠፋ ተደርድሯል። ባለቤቴም የሁለት ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ የሚይዘው እዚሁ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት ፎርማት ሲደረግ የድሮ አማርኛ ፋይሎቼ ሲከፈቱ ምልክትና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ሆነው ቀሩ፤ ግማሾቹን እንደገና ጻፍኳቸው። አሁንም ያው እንዳይደርስብኝ ፈራሁ። ማንን ልስማ?

ስሜ ይቆይ፣ ከዊንጌት

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነግረውዎታል። የቀረው ግማሽ ግን ፋይል ያስበላል።

ባለሙያው ስለ ጂፒቲ ያለው ትክክል ነው። ዊንዶውስ 11 በወጉ ሲጫን ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት ይጠይቃል፤ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ የሚነሳው ደግሞ በጂፒቲ ከተከፈለ ዲስክ ነው። የእርስዎ ዲስክ በድሮው ዘዴ፣ በኤምቢአር ሳይከፈል አልቀረም። ይሁን እንጂ «ሁሉም ይጠፋሉ» የሚለው ዲስኩ የሚያስገድደው ነገር አይደለም፤ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የሚመች መንገድ ነው። የእህትዎ ልጅም ሲን ብቻ ፎርማት ማድረግ ዲን እንደማይነካ በትክክል ያውቃል። ያልነገረዎት አንድ ነገር አለ፦ ዴስክቶፕ ላይ የሚያዩት ሁሉ፣ ዳውንሎድ ውስጥ የገባው ሁሉ፣ ደንበኛ በቴሌግራም ልኮልዎት ያወረዱት ሰነድ ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ዲ ቢተርፍም ግማሽ ሥራዎ ከሲ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ የሁለቱንም ትቼ ሌላ ልምከርዎ። የድሮውን ዲስክ ማንም አይንካው። አነስተኛ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ ይግዙ፤ 256 ጊጋ ለጽሕፈት ቤት ይበቃል። ዊንዶውሱ አዲሱ ላይ ይጫን፣ የድሮው ከነሲው ከነዲው እንዳለ ይቀመጥ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ማሽኖችን የሚያንቀራፍፋቸው በአብዛኛው የሚሽከረከረው ዲስክ ነው። ፎርማት ቢደረግ ለጥቂት ወራት ይነቃና ተመልሶ ያው ይሆናል። ለሠራተኛ የሚከፍሉትን ገንዘብ ኤስኤስዲው ላይ ቢጨምሩት ፍጥነቱንም ያገኛሉ፣ ከፓርቲሽን ጭንቀትም ይገላገላሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ከሶኬት ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ የድሮው ዲስክ ኬብል ይነቀላል፣ ኤስኤስዲው ይሰካል። ኬብሉ የግድ ይነቀል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ በስህተት አይጠፋም። ሁለተኛውን ብዙ ሠራተኞችም ይዘነጉታል። ሁለት ዲስክ ተሰክቶ ሲጫን ዊንዶውስ ራሱን አዲሱ ላይ አስቀምጦ የማስነሻ ፋይሎቹን ግን አንዳንድ ጊዜ የድሮው ላይ ይተዋቸዋል። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከዓመት በኋላ የድሮው ዲስክ ሲሞት ወይም ሲወጣ አዲሱም አልነሳም ይላል፣ ምክንያቱን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ይጠፋል።

ከዚያ የዊንዶውስ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ይሰካና ሲበራ ኤፍ9 ይጫናል፤ ኤችፒ ላይ ከየት ልነሳ የሚለውን ዝርዝር የሚያመጣው እሱ ነው። ዝርዝሩ ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ቦታ ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ዩኢኤፍአይ በሚለው ሥር፣ ሌላው ሌጋሲ በሚለው ሥር። ለአዲሱ ኤስኤስዲ የመጀመሪያው ይመረጥ። መጫኛው ዲስኩን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ባዶውን ቦታ መርጦ ኔክስት ማለት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ይከፋፍለዋል፦ 100 ሜጋ ገደማ ለማስነሻ፣ 16 ሜጋ ለራሱ መጠባበቂያ፣ ትልቁ ክፍል ለሲ፣ ጥቂት መቶ ሜጋ ደግሞ ለሪከቨሪ። እነዚህን ትንንሽ ክፍሎች «ቦታ ይይዛሉ» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ካዩ ያስቁሙት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የላከው አንድ የደኅንነት ማሻሻያ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን ያለው ሪከቨሪዋ ክፍል ስለጠበበች ነበር፤ መፍትሔ ተብሎ የቀረበውም ክፍሏን በ250 ሜጋ አስፉ የሚል ነበር። ከ256 ጊጋ ላይ ግማሽ ጊጋ ማዳን ምን እንደሚያተርፍ ለእኔ ገብቶኝ አያውቅም።

ተጭኖ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ የድሮው ዲስክ ኬብሉ ይመለስለት። ሲበራ በድሮው ዊንዶውስ ከተነሳ በኤፍ10 ባዮስ ገብቶ ኤስኤስዲውን ከፊት ማድረግ ነው። የድሮው ዲ ሌላ ፊደል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ፊደሉን መቀየር ፋይል አይነካም። የድሮው ሲም እንደ አንድ ተራ ድራይቭ ይከፈታል። ዩዘርስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ የእርስዎን ስም ሲነኩ ፈቃድ የለዎትም ብሎ ይጠይቃል፤ ኮንቲኒው ይበሉት። ዴስክቶፕዎን እንዳለ ያገኙታል። በጥድፊያ የድሮውን ሲ ለማጥፋት ማንም አያስገድድዎትም። ሁለት ሦስት ወር ይቆይ፤ «ያ ፋይል የት ሄደ?» የሚባለው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

የትኛው ዊንዶውስ ይጫን ለሚለው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የእርስዎ አራተኛ ጀነሬሽን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ባለሙያዎች ቁጥጥሩን አልፈው ይጭኑታል፣ ይሠራልም፤ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ማሻሻያው ሳይቋረጥ እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም። ለግል ተጠቃሚ ዊንዶውስ 10 ላይ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የደኅንነት ማሻሻያ ማራዘሚያ አለ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ መመዝገብ ይጠይቃል። በእርስዎ ቦታ ብሆን እሱን ይዤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማሽን አስብ ነበር። የሰው ፍላሽ በየደቂቃው የሚሰካበት ቤት ያለ ማሻሻያ መሥራት የለበትም። የሾርትከት ቫይረስን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ወደሚያስፈራዎት ነገር ልምጣ። ባለፈው ምልክት ብቻ ሆነው የቀሩት ፋይሎች አልተበላሹም ነበር። እንደገና መጻፍዎ ያሳዝናል። የአማርኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ በድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ስንጽፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ኮድ ነበር። ኮዱን «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የሚኖረው ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር፣ ፎንትስ በሚባለው ክፍል ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። ዲ ላይ ያለው ውል አንድ ነጥብ ሳይጎድልበት እያለ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያው ፎንት ተመልሶ ቢጫን በዚያው ቅጽበት አማርኛ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ምንም ከመነካቱ በፊት ያን የፎንትስ ፎልደር ከፍተው የአማርኛ ፎንቶቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። የፓወር ግዕዙን መጫኛና ቁልፉን አብረው ያስቀምጡ። ከእንግዲህ የማይታረሙ፣ የተፈረመባቸው የድሮ ውሎች ካሉ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ ፎንቱ አብሮ ስለሚታቀፍ የትም ቢከፈት ይነበባል። ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በቪስታ ዘመን ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮፒክ ፎንቶች ጥቅል ይጫናል። ካልተጫነ ጽሑፉ ይነበባል፣ ፊደሉ ግን ኢብሪማ በተባለው ፎንት ተተክቶ የገጹ አሰላለፍ ይንሸራተታል። ባለ 80 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ 84 ሆኖ ማውጫው ሲዘበራረቅ ምን እንደሚሰማ እርስዎ ይንገሩኝ።

ኤስኤስዲ አሁን አይቻልም ካሉ፣ በአንዱ ዲስክ ላይ የሚሠራውን እንይ። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበዛል።

መጀመሪያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዋሱ ወይም ይግዙ። ከሲ ወደ ዲ ያው ዲስክ ላይ መቅዳት ቅጂ አይባልም፤ ሲም ዲም የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ስለሆኑ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፎንቶቹ፣ ዲ በሙሉ ይቀዱ። ከዚያ ኤክስተርናሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከየፎልደሩ የተወሰኑ ፋይሎች ይክፈቱ። ተቀድቷል መባሉን አይመኑ። ሲያበቃ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት፤ መጫኑ እስኪያልቅ አይሰካ።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ መጫኛው ላይ ሲ እና ዲ የሚሉ ፊደላት እንደማይመጡ ይወቁ። የሚታየው ድራይቭ ዜሮ ፓርቲሽን አንድ፣ ፓርቲሽን ሁለት እያለ መጠናቸውን የሚናገር ዝርዝር ነው። ሰው ዲን ሲ መስሎት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገና በደህና እያለ ዲ ላይ ሪኔም ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል «ዳታ» የሚል ስም ይስጡት፤ ስሙ መጫኛው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ይታያል። ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍተው የክፍሎቹን ቅደም ተከተልና መጠን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። 500 ጊጋው 465 ሆኖ ቢታይ ማንም አልሰረቀዎትም። ፋብሪካው ጊጋን በ1,000,000,000 ባይት ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,073,741,824።

ሦስተኛ፣ አሁን ያለው ዊንዶውስ በየትኛው መንገድ እንደሚነሳ ይወቁ። መፈለጊያው ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለው ሲከፍቱ ባዮስ ሞድ ከሚለው ፊት ለፊት ሌጋሲ ወይም ዩኢኤፍአይ ይላል። ሌጋሲ ካለና ዊንዶውስ 10ን እንደገና የሚጭኑ ከሆነ ፍላሹም በሌጋሲው በኩል ይነሳ። ያኔ የዲስኩ አከፋፈል ሳይለወጥ የእህትዎ ልጅ ያለው መንገድ ይሠራል፤ የሲን ክፍል ብቻ መርጦ ፎርማት፣ ከዚያ ኔክስት። ዲሊት የሚለው ቁልፍ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። ዕቃው ሁሉ ተቀድቶ ስለመሆኑ ቅንጣት ጥርጣሬ ካለ፣ ሲ ላይም በቂ ባዶ ቦታ ካለ፣ ፎርማቱንም ትቶ በላዩ መጫን ይቻላል፤ የድሮው ዊንዶውስ ከነፋይሎቹ ዊንዶውስ ኦልድ ወደሚባል ፎልደር ይገባል። የእርስዎ ሲ ግን ሞልቷል ስላሉኝ እዚያ ላይ ተስፋ አያድርጉ።

ፍላሹ በስህተት በዩኢኤፍአይ በኩል ከተነሳ ግን መጫኛው ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ አልጭንም ይላል። የእርስዎ ባለሙያ «ሁሉም ይጠፋሉ» ያለው ይህን መልእክት ብዙ ጊዜ ስላየ ይመስለኛል። በየጥገና ቤቱ የስንት ሰው የሠርግ ፎቶ የሄደው በዚህ ሰዓት ነው፤ መልእክቱ ሲመጣ ሁሉንም ዲሊት ማድረግ፣ ወይም ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ በዲስክፓርት ማጽዳት ይቀናል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አጥፍቶ በሌጋሲው በኩል እንደገና መነሳት ብቻ ነው።

የግድ ጂፒቲ ካስፈለገ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚመጣው ዊንዶውስ ውስጥ «ኤምቢአር 2 ጂፒቲ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፋይል ሳያጠፋ አከፋፈሉን ይለውጣል። መጀመሪያ መሞከሪያ ትእዛዙ ይሰጠዋል፤ ይቻላል ካለ ብቻ ይቀጥላል። ገደብም አለው። የኤምቢአር ሰንጠረዥ በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ 64 ባይት ብቻ የምትይዝ፣ አራት መስመር ያላት ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር ስትመጣ አራት በቂ ነበር። መሣሪያው ለአዲሱ የማስነሻ ክፍል ከአራቱ አንዱን ክፍት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሦስት ዋና ክፍሎች እንጂ አራት አይቀበልም። ዲ ደግሞ ሎጂካል ተብሎ በኤክስቴንድድ ውስጥ ከተሠራ ጭራሽ እምቢ ይላል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ዙሪያው አረንጓዴ ሳጥን ካለው ሎጂካል ነው። ለውጡ ሲያልቅ ባዮስ ውስጥ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህን ረስቶ «ኮምፒውተሩ ሞተ» የሚል ብዙ ነው።

ሲ ስለሞላ ከዲ ቆርጠን እናስፋው የሚል ሰው ይመጣል። እንዳይቀበሉት። ዊንዶውስ ራሱ ሲን የሚያሰፋው ወዲያው በቀኙ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ዲ ነው። ዲን ከኋላው ቢያሳንሱት ባዶው ቦታ ከዲ ወዲያ ይቀራል፣ ለሲ አይደርስም። ይህን የሚያልፉ ሌሎች ፕሮግራሞች ዲን በሙሉ ከቦታው ያነሡና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱታል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በድሮው ቦታ ይቀራል። ዊንዶውስ መጫን መሐል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል፤ ይህኛው አይጀመርም። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ፣ በእኛ መብራት፣ እኔ አልሞክረውም። ከዚያ ይልቅ ዊንዶውሱ ከታደሰ በኋላ ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ዳውንሎድስ ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን ብለው ወደ ዲ ያዛውሯቸው። ሲ በየወሩ አይሞላም፣ በሚቀጥለው ፎርማትም የሚቀዳው ነገር ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተብሎ ዲ በስህተት ቢጠፋስ? ያን ሰዓት የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩን ማጥፋት። ፓርቲሽን ዲሊት ማለት የግቢን ካርታ መቅደድ ነው፤ ቤቱ አልፈረሰም፣ ግን ባዶ መሬት ተብሎ ሌላ ሊሠራበት ይችላል። «እስኪ ዊንዶውሱን ልጨርስና ፋይሉን እንፈልጋለን» የሚል ሠራተኛ በላዩ ላይ እየገነባ ነው። ዲስኩ ወጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይገናኝና ቴስትዲስክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የጠፋውን ክፍል መፈለግ ይቻላል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ፣ ምንም ካልተጻፈበት፣ ዲ ከነፎልደሩ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ይህ ተስፋ በጣም ይጠባል። ዊንዶውስ ኤስኤስዲን ፎርማት ሲያደርግ ትሪም በሚባል ትእዛዝ ያ ቦታ አያስፈልግም ብሎ ይነግረዋል፣ ኤስኤስዲውም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ስለዚህ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ብቸኛ ቅጂ የሆነ ፋይል አይኑር፤ ኤክስተርናሉ ከዚህ ሥራ በኋላም ሥራ አለው።

ላፕቶፕ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ይህን ለራሳችሁ ስታደርጉ ሁለት ነገር ይለያል። አዲስ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ዲስኩ ሳታዝዙት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሲን ፎርማት አድርጋችሁ ዲን ስትከፍቱ 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ያ ቁልፍ ከሌለ ዲ አለ፣ ግን የለም። አስቀድማችሁ አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉትና በወረቀት ጻፉት፣ ወይም መቆለፊያውን አጥፉት። ሌላው፣ ከ11ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ባሉ አንዳንድ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ዲስኩ አልሞተም፤ የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨር ፍላሹ ላይ ተጨምሮ ሎድ ድራይቨር በሚለው መጫን አለበት።

ፒችትሪን በሚመለከት ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ። ዳታው አብዛኛውን ጊዜ ዲ ላይ የለም፣ ሲ ውስጥ ነው። ፎልደሩን ገልብጦ ከመሄድ ይልቅ ከራሱ ከፒችትሪ ፋይል፣ ባክአፕ ብለው ለእያንዳንዱ ሱቅ ለየብቻ ያውጡ፤ ፒቲቢ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ይወጣል፣ እሱ ወደ ኤክስተርናሉ ይሂድ። የእትሙን ዓመትና የምዝገባ ቁጥሩን ይመዝግቡ። በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ያው እትም ይጫን፤ በአዲስ እትም የወጣ ባክአፕ በድሮው አይከፈትም። ከመጀመራችሁ በፊት የሁለቱንም ሱቅ ትራያል ባላንስ በወረቀት አትሙ። ሪስቶር ሲደረግ አዲሱን ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ፤ የመጨረሻው ወር ግብይት መግባቱንም እዩ። እስኪገጥም ድረስ የድሮው ሲ አይነካ።